ዳለቻ ወደ ድሬ ምን ጫነች

ቤዛዊት ተኝታም ሥራ ላይ ናት። በየግማሽ ሰዓቱ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እኔ ነኝ» ትልና ትገላበጣለች። ልጇ ኖላዊት ድሮ ድሮ ትደነግጥ ነበር፤ አሁን እንደ ሰዓት ትጠቀምባታለች። ድንች ጥዳ «እማዬ አንዴ ካለች በስሏል» ትላለች። ብዙ ጊዜ በስሎ ይገኛል።

ሥራው ተጠያቂነት ይባላል። የጭነት መኪናው ራሱን ይነዳል፣ ተጠያቂዋ ትቀመጣለች። መሪ የለም፣ ፍሬን የለም፣ ማርሽ የለም። አንድ ወንበር፣ አንድ የውሃ መያዣና አንድ ብርቱካናማ መብራት አለ። መብራቱ በየግማሽ ሰዓቱ ቦግ ብሎ «ተጠያቂ አለ?» ይላል፤ እሷ «እኔ ነኝ» ትላለች፤ መኪናው ይቀጥላል። ላም ከተገጨች ወይም አጥር ከፈረሰ የሚታሰር ሰው መኖር አለበት፤ መኪና መቼም አይታሰርም። ደሞዙ ክፉ አይደለም። ምሳም አለው።

የቤተሰቡ መኪና ዳለቻ ትባላለች፣ ቀለሟ አመድማ ስለሆነ። የገዟት የኖላዊት አያት አባባ ሮቤል ናቸው፤ መኪና በእጃቸው ከነዱት ሰዎች የመጨረሻዎቹ ውስጥ ናቸው። ስለ ማርሽና ስለ ፍሪሲዮን ሲያወሩ የሰፈር ልጆች ስለ በቅሎ የሚያወሩ ይመስላቸዋል። ሕጉ ሲወጣ የዳለቻ መሪ ተነቀለ፤ ዛሬ ጓሮ ውስጥ የልብስ ማስጫው ገመድ የታሰረው እሱ ላይ ነው። የአባባ ሮቤል ቀኝ እግር ግን ሕጉን አልሰማም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ዜና ሲያዳምጡ አሁንም ፍሬን ይረግጣል፣ በተለይ ዜናው ሲከፋ።

እንደ ዳለቻ የግል ሆኖ የቀረ መኪና ከተማው ውስጥ በጣት ይቆጠራል። ሌላው ሁሉ ጥቅል ወደሚባለው የጋራ መኪኖች ስብስብ ገብቷል። ጥቅል የገባ መኪና ስሙን ትቶ ቁጥር ይሆናል፤ ተጠያቂውም የትኛውም ቁጥር ላይ፣ ወንበር ባዶ በሆነበት ሁሉ ይቀመጣል። የጎረቤታቸው የማርታ ባል ጥቅል ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ሞያሌ ነኝ ብሎ ደወለ፣ ቀጥሎ መተማ ነኝ አለ፣ ቀጥሎ ደወሌ። በሄደበት ሁሉ ለልጁ ካልሲ ይገዛና ይልካል። ካልሲው ሲደርስ የልጁ እግር አድጎ ይጠብቀዋል።

ጥቅል ላለመግባት አንድ ነገር ብቻ ይፈቀዳል። ባለመኪናው በዓመት አንዴ የራሱን መስመር አቅዶ ያስገባል፤ ከትልቅ ከተማ እስከ ትልቅ ከተማ፣ ቢያንስ ሁለት ደርሶ መልስ። ትርፍ ማምጣት አለበት። ከአራቱ ጉዞ በአንዱ እንኳ የመኪናዋ ወለል ሦስት አራተኛው በጭነት ካልተሸፈነ ባዶ ሄዳለች ተብሎ ይመዘገባል፣ ያኔ ቁጥር ትሆናለች። ዕቅዱን የሚቀበለውም ወለሉን የሚለካውም መስመር የሚባለው ሥርዓት ነው። መስመር ሰው አይደለም፤ ግን ጨዋ ነው። ይቅርታ ሳይጠይቅ ምንም ነገር አይወስድብህም።

የዳለቻን ዕቅድ ያወጣችው ኖላዊት ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትምህርትን ሰባተኛ ክፍል ላይ ተሰናብታዋለች፣ እሱም ብዙ አልለመናትም። አዲስ አበባ ድሬዳዋ ስትል ጭነት ግቢ የሰማት ሁሉ ሳቀ። የወደቡን ዕቃ ባቡሩ ጠራርጎ ስለሚወስደው ከድሬ የሚመለስ የጭነት መኪና ነፋስ ነው የሚጭነው። ኖላዊት ግን የወደብ ዕቃ አላማራትም። እሷ የምትፈልገው ሥራ የፈታ ነገር ነው፤ አንደኛው ከተማ ውስጥ አቧራ እየጠጣ የተቀመጠ፣ ሌላኛው ከተማ ደግሞ አጥቶት የሚንከራተትለት።

በታኅሣሥ የቁልቢ ተሳላሚ ድሬን ሲሞላት ከአዲስ አበባ ፍራሽ አስጭና ላከች። መልሱን ዘይቱና ሞላችላት። ዘይቱና ድሬ ውስጥ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር የምትኖር ሴት ናት፤ ሰው ለሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ ዕቃ ታከራያለች። ሁለት መቶ ወንበርና ድንኳኖቿን ለአዲስ አበባ ሠርግ ላከች፤ ጥር ደርሶ ሙሽራው በዝቶ፣ የተጠራው ሰው ቆሞ ነበር የሚበላው። የመጀመሪያው ደርሶ መልስ እንዲህ አለፈ። የሳቁት ሰዎች ሳቃቸውን ዋጡ።

ሁለተኛው ደርሶ መልስ ዛሬ ይጀምራል። ሰኞ የካቲት አሥራ አንድ ነው፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ሃምሳ፣ ሁዳዴ የተያዘበት ቀን። ሐሳቡ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ጾም ይዛ ሠርግ ስታቆም ወንበሩ ሁሉ ሥራ ይፈታል፤ ድሬ ግን መዳሯን ትቀጥላለች። ስለዚህ የዘይቱና ሁለት መቶ ወንበር ወደ ቤቱ ሲመለስ የአዲስ አበባ ስድስት መቶ ወንበር አብሮት ይሄዳል። መልሱ ለጿሚው ፓፓያና ብርቱካን ነው፤ እሱ ከወዲሁ ተይዟል። ኖላዊት ይህን በኅዳር ስታስገባ መስመር «ያልተለመደ ነው። ተመዝግቧል።» አላት። እሷ አድናቆት መሰላት።

ዳለቻ ቃሊቲ ጭነት ግቢ ቆማለች፣ ቤዛዊትም ወንበሯ ላይ ናት። የመንገድ ተራቸው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ኖላዊት ከቤት ሆና ለማረጋገጫ ዘይቱና ጋ ደወለች።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ዘይቱና።»

«አንቱ አትበይኝ አላልኩሽም? ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባል ሰው የለም። ጥርሴ ገና ሙሉ ነው።»

«እሺ። ወንበሮችሽ ዛሬ ይነሳሉ። የኛም ስድስት መቶ አብሮ አለ። ነገ ትረከቢያለሽ።»

«የኔን አምጪልኝ። የናንተ መጥቶ ምን ሊሠራ?»

«ለሠርግ ነዋ።»

«የማን ሠርግ?»

«የድሬ። የናንተ።»

ዘይቱና ሳቀች። ለብቻ የሚሳቅ ሳቅ አልነበረም፤ «ኑ ስሟት እቺን» እያለች ሌላ ሰው ስትጠራ ይሰማል።

«ኖሊ፣ የዛሬ ሳምንት ረመዳን ይገባል። በረመዳን ማነው የሚድረው አቦ? ሙሽራው ተርቦ፣ ሙሽሪት ተጠምታ?»

ኖላዊት ስልኩን እንደያዘች ግድግዳውን ታይ ጀመር። ረመዳን መቃረቡን አጥታው አይደለም። እታች ቤት ያሉት ጎረቤቶች ተምር በካርቶን ሲያስገቡ እሷው ራሷ በሩን ይዛላቸዋለች። ዕቅዷ ውስጥ የተቀመጠው ረመዳን ግን ሌላ ረመዳን ነበር። መሳቢያውን ከፍታ አንድ ጥግ ጥጉ የተበላ ማስታወሻ አወጣችና አያቷ ጋ ሄደች።

«አባባ፣ ይቺ የመቼ ናት?»

አባባ ሮቤል መነጽራቸውን ፈልገው ግንባራቸው ላይ አገኙት። «የሠላሳ ስምንት ናት። ጎበዝ ማስታወሻ። የት የት እንደምቆም ሁሉ አለ።»

«እዚህ ጋ በቀይ ረመዳን ሰኔ መጨረሻ ይላል።»

«አዎ፣ ያን ዓመት ሰኔ መጨረሻ ነበር።»

«አሁን የካቲት ነው፣ አባባ።»

«ይሄዳላ። በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። ለዚህ ነበር በየዓመቱ አዲስ የምጽፈው።» ቀኝ እግራቸው ፍሬን ረገጠ። «ሌሎቹን እናትሽ ከሰል ስታቀጣጥልባቸው ይቺ ተረፈች። ግን እኔ ተመልከቻት አልኩሽ እንጂ ገልብጫት መች አልኩ?»

ኖላዊት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የነበረ ረመዳንን በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ገልብጣ አስገብታለች። መስመርም በቆንጆ ድምፅ መዝግቦላታል። ደወለችለት።

«ጭነት መቀየር ይቻላል?»

«እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ይቻላል» አለ መስመር። «መነሻና መድረሻ ግን አይቀየርም። ተቀባዩ መቀበሉን በራሱ አንደበት ያረጋግጣል። ተቀባይ የሌለው ጭነት አይቆጠርም። ሁለት መቶ ወንበር የወለሉን ሃያ ሁለት በመቶ ይሸፍናል። ይቅርታ።»

መስመር ይቅርታ ሲጠይቅ ምን እንደሚከተል ታውቃለች።

በዚያው ቅጽበት እናቷ ደወለች። «ኖሊ፣ የወንበር አከራዩ ልጫን አልጫን እያለ ነው። ምን ልበለው?»

«ቆይ በይው።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ምንም።»

«ምንም ስትይኝ ነው የምፈራው።»

ነገረቻት። ቤዛዊት አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። «የእግርሽ ቁጥር ስንት ነበር?» አለች።

«ለምን?»

«ለካልሲው።»

ኖላዊት ስልኩን ዘጋችና ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ቁጭ ብላ ማሰብ አትችልበትም፤ ከትምህርት ቤት ጋርም የተጣላችው በዚህ ነው። እየሄደች መልሳ ዘይቱና ጋ ደወለች።

«ሠርግ የለም፣ ገባኝ። ምን አለ ታዲያ? በረመዳን ድሬ ምን ያንሳታል?»

«በረዶ» አለች ዘይቱና ሳታስብ። «ቀዝቃዛ ውሃ። ቀኑን ሙሉ በዚህ ሙቀት የጾመ ሰው እኮ ማዕዱ ላይ ሲቀመጥ የሚያየው ሳምቡሳውን አይደለም፣ ጆጉን ነው። ዘንድሮ በየመንገዱ ማስፈጠሪያ፣ የማታ ጾም መፍቻ ማዕድ፣ ሊዘረጉ ከአርባ ሰፈር ጠይቀውኛል። ምንጣፍ አለኝ፣ ድስት አለኝ። ፍሪጅ ከየት ላምጣ?»

ኖላዊት ቆም አለች። የቆመችው ልኳንዳ ቤት በር ላይ ነው። በሩ ተዘግቷል፣ መንጠቆዎቹ ታጥበው ተሰቅለዋል፣ ባለቤቱ ከውጭ ቁጭ ብሎ ዳማ ይጫወታል።

«ፍሪጅ አገኘሁልሽ። የልኳንዳ ቤት። ግዙፍ ግዙፍ ነው፣ ሃምሳ አምስት ቀን ማንም አይነካውም።»

ዘይቱና አሁን አልሳቀችም። «የክርስቲያን ሥጋ የተሰቀለበት ነው?»

«ይታጠባል።»

«አዋሽ ውስጥ ነክረሽ አውጪው፣ አልቀበልም። ለሰው የማስፈጠሪያ ውሃ ነው የማስቀምጥበት። አንቺ የኔን ፍሪጅ ለፋሲካ ሥጋሽ ትወስጂዋለሽ?»

ኖላዊት አሰበችው። «አልወስድም።»

«እንዲያ ነው። ሌላ ፈልጊ።»

አምስት ሰዓት አልፏል። ኖላዊት ልኳንዳ ቤቱን አልፋ፣ ጸጉር ቤቱን አልፋ፣ ጥግ ላይ ካለው ላሚቱ ወተት ቤት ስትደርስ ውስጥ ሰው ሲጨቃጨቅ ሰማች። ጋሽ ናቲ ነው፣ ባለቤቱ፤ ሽርጡን አውልቆ፣ ኩባያዎቹን ደፍቶ፣ ከፍሪጇ ጋ ተፋጧል።

«ባዶ ነኝ፣ ጋሽ ናቲ» ትላለች ፍሪጇ በለሰለሰ ድምፅ። «አርባ ሊትር ልዘዝ?»

«አትዘዢ።»

«እርጎም የለኝም። ልዘዝ?»

«ጾም ነው ብዬሻለሁ። ማን ይጠጣዋል?»

«ደንበኞችዎ ቅር ይላቸዋል። አርባ ሊትር ልዘዝ?»

ጋሽ ናቲ ወደ ኖላዊት ዞረ። «አምና በሁዳዴ አጋማሽ ሻይ ልጠጣ ብወጣ አዘዘች። አርባ ሊትር። ድመት ሁሉ ሰባ።»

«ለምን አትነቅላትም?»

«ተነቅላም በባትሪዋ ትጨቀጭቃለች፣ ላይ በላዩ ይሸታታል፣ ፋሲካ ላይ ወተቱን ያበላሽብኛል። ከተሰካች ደግሞ ይኸው። ሃምሳ አምስት ቀን።»

«ጋሽ ናቲ፣ እቺ ፍሪጅ ወተትና እርጎ እንጂ ሌላ ነገር ገብቶባት ያውቃል?»

«ቂቤ።»

«ሥጋ?»

«ወተት ቤት ውስጥ ምን ሊያደርግ?»

ኖላዊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ድሬ ልላክልህ። ተነቅላ አትቀመጥም፣ ትሠራለች፤ ኪራይ ታመጣለች። ታጥባ ለሆሳዕና ትመለሳለች።»

«ፍሪጄ ድሬ ሄዳ ምን ልትሆን?»

«ሙቀት ልታይ። ሁሌ ጥላ ውስጥ ናት፣ አታሳዝንህም?»

ጋሽ ናቲ ፍሪጇን አያት። ፍሪጇ «ባዶ ነኝ» አለች። ይሄኔ ቆረጠ።

የላሚቱ ፍሪጅ ብቻዋን ዳለቻን አትሞላም። መስመር ሲጠየቅ ቢያንስ አሥራ ስምንት ይላል። ግን የወተት ቤት ባለቤቶች በሙሉ አንድ ዕቁብ ውስጥ ናቸው፣ የዕቁቡ ዳኛም ጋሽ ናቲ ነው። የድምፅ መልእክት ላከ፤ «ፍሪጁ የሚጨቀጭቀው ሰው ሁሉ ቃሊቲ ያምጣው፣ ለሆሳዕና ይመለሳል» አለ። ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለገም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከሳሪስ ሦስት መጡ፣ ከአቃቂ አራት፣ ከገላን አንድ ግዙፍ መጣ፣ በባለቤቱ እናት ታጅቦ። ሴትየዋ ፍሪጁን ደገፍ አድርገው ቆመው ማን ድሬ ላይ እንደሚረከበው በስም ጠየቁ፣ ስሙ ተነገራቸው፣ አልበቃቸውም፣ የዘይቱናን ድምፅ በስልክ ሰሙ። «ሳቋ ደህና ነው» ብለው ለቀቁ።

ስምንት ሰዓት ላይ አሥራ ስምንቱም ዳለቻ ውስጥ ገቡ። የወንበር አከራዩ ስድስት መቶውን ጋሪ ላይ መልሶ እየጫነ፣ ኖላዊትን ሊሰድባት አፉን ከፈተ።

«ዒድ በመጋቢት አጋማሽ ነው» አለችው ቀድማ። «ከዒድ በኋላ ድሬ ትድራለች፣ እኛ ገና ጾም ላይ ነን። ያኔ ወንበርህ ይሄዳል፣ ፍሪጁ በመልሱ ይመጣል። ልመዝግብህ ወይስ ትሰድበኛለህ?»

አፉን ዘጋ። «መዝግቢኝ» አለ።

ኖላዊት ወለሉን ለማስለካት ደወለች። መስመር በመኪናዋ ዓይን ውስጡን ቃኘ።

«ሰባ አንድ በመቶ» አለ። «ይቅርታ።»

ቤዛዊት ከወንበሯ ወርዳ መጣች። ጫኝና አውራጆቹ ፍሪጆቹን አጋድመው፣ ሦስት ሦስት አድርገው፣ እስከ ጣሪያው ደርድረዋል፤ ከኋላ በኩል ሰው ኳስ የሚጫወትበት ባዶ ቦታ ተርፏል። አሥራ ዘጠነኛ ፍሪጅ የለም። ሰዓቱ ስምንት ከአሥራ አምስት ነው። ፍሪጆቹ ከውስጥ፣ በየባትሪያቸው፣ በየተራ፣ ባዶ ነን ይላሉ።

«ምን ሆናችሁ ነው ያጋደማችኋቸው?»

አባባ ሮቤል ናቸው። በጋሪ መጥተዋል፣ ማስታወሻይቱን በብብታቸው ይዘው፣ ልክ ጥፋተኛ እንደሚያስረክብ ሰው።

«ቦታ እንዲቆጥብ ነው፣ አባባ» አለ አንዱ ጫኝ።

«ፍሪጅ ተጋድሞ ተጉዞ ያውቃል? ዘይቱ ከሞተሩ ወጥቶ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ድሬ ደርሶ ሲሰካ ይሞታል። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ መንገድ ስጭን አንድ ፍሪጅ አልሞተብኝም። አቁሟቸው። ጀርባቸውን ለዳለቻ ጎን ሰጥታችሁ፣ በመካከላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ትታችሁ፣ በገመድ እሰሩ።»

«ለገመዱ ጊዜ አለን?» አለች ቤዛዊት።

«ልጄ፣ የምትጠየቂው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

አቆሟቸው። ጫኞቹ ላብ በላብ ሆኑ፣ ጋሽ ናቲ ሽርጡን እንደ መቀነት አስሮ ገባ፣ የገላኗ ሴትዮ ከውጭ ሆነው አመራር ሰጡ። አሥራ ስምንት ፍሪጅ ተሰልፎ ሲቆም፣ መካከሉ ገመድና ምንጣፍ ሲገባበት፣ ኳስ መጫወቻው ጠፋ። ስምንት ከሃያ ስድስት ነው።

«ሰባ ስምንት በመቶ» አለ መስመር። ይቅርታ አላለም። «ተቀባይ ትቅረብ።»

ዘይቱና በስልክ ገባች። «አለሁ።»

«ወይዘሮ ዘይቱና፣ አሥራ ስምንት ማቀዝቀዣና ሁለት መቶ ወንበር ይቀበላሉ?»

«አንቱ አትበለኝ። እቀበላለሁ፣ አቦ።»

«አቦ የሚለው በመልሱ ውስጥ ይካተት?»

«እንደፈለግክ።»

«ተካቷል። ጭነቱ ከገባው ዕቅድ የተለየ ስለሆነ ለለውጡ ተጠያቂ ያስፈልጋል። ለውጡ ቢከስር ኪሳራው በስሙ ይሆናል። ተጠያቂ አለ?»

ቤዛዊት አፏ ለምዶባት «እኔ...» አለች።

ኖላዊት ክንዷን ያዘቻት። ለዓመታት ይህቺን ቃል ከእናቷ እንቅልፍ ውስጥ ሰምታለች፤ በራሷ አፍ ስትወጣ ግን ክብደት አላት፣ እንደ ባልዲ ውሃ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ሙሉ ስም?»

«ኖላዊት ቤዛዊት ሮቤል።»

«ተመዝግቧል።»

ዳለቻ በተራዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣች። አባባ ሮቤል በሩ ላይ ቆመው በቀኝ እግራቸው መሬቱን ጫን አደረጉ፤ ነዳጅ መሆኑ ነው።

መተሐራን አልፋ ቤዛዊት ደወለች። «ኖሊ፣ ከኋላዬ አሥራ ስምንቱ ባዶ ነኝ ይላሉ፣ ከፊቴ መብራቱ ተጠያቂ አለ ይላል፣ እኔ እኔ ነኝ እላለሁ። መብራቱ ግራ ገብቶት አሁን ሁለት ጊዜ ነው የሚጠይቀኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ጨዋታ አገኘሁ። አንዷን ድሬ ስንደርስ ውሃ ትጠግቢያለሽ አልኳት። ዝም አለች።»

ድሬ ደረሱ። ዘይቱና ፍሪጆቹን አሽትታ ተረከበች፤ ሁሉም የጠጡት ወተት ብቻ ነበር። የረመዳን መጀመሪያ ቀን ማታ አርባ ሰፈር ውስጥ በየመንገዱ ምንጣፍ ተዘርግቶ፣ አዛን ሲወጣ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ቀዝቃዛው ጆግ ሰደደ። ፍሪጆቹ ሠላሳውንም ቀን ወተት ልዘዝ እንዳሉ ከረሙ፤ የከዚራ ልጆች እየዞሩ «ውሃ ነው አቦ፣ ውሃ ጠጪ» ይሏቸው ነበር። ዳለቻ ፓፓያዋን ይዛ ተመለሰች። ከዒድ በኋላ ወንበሮቹ ሄዱ፣ ፍሪጆቹ መጡ። የላሚቱ ፍሪጅ ለሆሳዕና ቦታዋ ላይ ነበረች፣ ጋሽ ናቲ «ጠቆርሽ» አላት።

መስመር የዓመቱን ውጤት በግንቦት ላከ። ትርፉ ከግል መኪኖች ሁሉ በላይ ነበር። ዳለቻ ስሟን ይዛ ቀጠለች፣ ቤዛዊትም ራት ላይ ቤቷ አለች፣ ሽሮ ዋጥ አድርጋ «እኔ ነኝ» ትላለች።

ከውጤቱ ሥር ሌላ መልእክት ነበረ። ኖላዊት ጮክ ብላ አነበበችው።

«ያስገቡት ዕቅድ አትራፊ ሆኖ ስለተገኘ ለሁሉም አገልግሎት ተወስዷል። በሚመጣው ዓመት የካቲት አሥራ አንድ ቀን ሦስት መቶ የጥቅል መኪኖች የወተት ቤት ማቀዝቀዣ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ይጭናሉ። ስለ አስተዋጽኦዎ እናመሰግናለን።»

«ሰረቁሽ» አለች ቤዛዊት።

ኖላዊት እታች ቤት ካሉት ጎረቤቶች የተሰጣትን የሂጅራ ቀን መቁጠሪያ ከአባባ ሮቤል የቤተ ክርስቲያን መቁጠሪያ ጎን ዘርግታ ጣቷን ታንሸራትታለች። በሚመጣው ዓመት ረመዳን በየካቲት ሰባት ገደማ ይገባል። ሁዳዴ ግን ዘግይቶ፣ በመጋቢት አንድ ነው። የካቲት አሥራ አንድ ላይ የአዲስ አበባ ወተት ቤት ሁሉ ሞልቶ፣ ፍሪጁ ሁሉ ወተቱን ታቅፎ፣ ጋሽ ናቲ እርጎ እየቀዳ ይሆናል። ሦስት መቶ መኪና በሩ ላይ ይሰለፋል።

አባባ ሮቤል ከትከሻዋ በላይ አይተው ገባቸው። መሳቅ ጀመሩ፣ እግራቸው ፍሬን ረሳ።

«ንገሪያቸው እንጂ» አለች ቤዛዊት ስትረዳ።

«ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ።» ኖላዊት አዲስ ማስታወሻ ከላስቲኩ አወጣች። «ተጠያቂ እኮ ነኝ። ይጠይቁኛ።»

የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከሁሉም በፊት፣ በቀይና በትልቁ ጻፈች፦ «ይህ ለሃምሳ አንድ ብቻ ነው። አትገልብጪ።»